ሁለተኛው የግዢ መጠየቂያ
በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በንብረት አስተዳደር ክፍል ስሠራ፣ በነሐሴ ወር አንድ የግዢ መጠየቂያ ቅጽ ለፊርማ ቀረበልኝ። የተጠየቁት ለእንግዳ መቀበያውና ለቢሮ ጠረጴዛዎች ማስዋቢያ የሚሆኑ፣ ብዙ ሰው በጅምላ «ካክተስ» የሚላቸው ቅጠለ ወፍራም ትንንሽ ሳኩለንቶች ሲሆኑ፣ በምክንያት መግለጫው ላይ «የቀድሞዎቹ በውኃ እጥረት ስለደረቁ» ተብሎ ተጽፏል። እነዚሁ ተክሎች በዚያው የበጀት ዓመት አንድ ጊዜ ተገዝተው ስለነበር፣ ከመፈረሜ በፊት ጠፉ የተባሉትን ለማየት ወረድሁ።

የደረቀ ነገር አላገኘሁም። ኤቼቬሪያ የሚባሉት፣ ትውልዳቸው በአብዛኛው ከሜክሲኮ የሆነው ሳኩለንቶች የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ለስልሶ፣ ገና ሲነኩት ይረግፋል። ውኃ ያጠረው ሳኩለንት ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይጨማደዳል እንጂ እንዲህ አይሟሟም። አንዱን ከማሰሮው ሳወጣው ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል፤ አፈሩም ጭቃ ነው።

ጠያይቄ የደረስሁበት ነገር አሳቀኝም አናደደኝም። ጸሐፊዋ ሰኞ ሰኞ ታጠጣለች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠዋት ጠረጴዛ ሲወለውሉ ያጠጣሉ፤ ጥበቃው ደግሞ ከጠርሙሱ የተረፈውን ውኃ ይደፋል። አንዱ የሌላውን አያውቅም። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሁሉም ተክሉ ጠማው ብለው ጨመሩለት። የሰዎቹ ጥፋት ግዴለሽነት ቢሆን ኖሮ ተክሎቹ ክረምቱን ባለፉ ነበር፤ ምክንያቱም ሳኩለንት የቅጠሉን ቀዳዳዎች በአብዛኛው ሌሊት ከፍቶ ቀን ስለሚዘጋ የሚያባክነው ውኃ ጥቂት ነው፣ በደመናማውና በቀዝቃዛው ክረምት ደግሞ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። በዚህ ላይ የሴራሚክ ማሰሮዎቹ ከሥር አልተበሱም። ሻጩ ጠጠር አንጥፎባቸው ነበር፤ ነገር ግን መውጫ የሌለው ውኃ ጠጠር ስለተነጠፈለት ወዴትም አይሄድም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ሥሩን አይተው፣ «እኛ አገር እንዳሁላም እሬትም ድንጋይ ላይ ነው የሚበቅሉት፤ ማን ያጠጣቸዋል?» አሉ።

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን ያጠጡ ነበር?»

«ታዝዤ ነዋ፣ ልጄ!»

እንዳሁላ ከኤቼቬሪያ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ስለሆነ አባባላቸው ከሻጩ የጠጠር ዘዴ ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ነበር። መጠየቂያውን ሳልፈርም መለስሁና በቅጹ ጀርባ፣ ከዚያ ዕለት ጀምሮ የማጠጣቱ ኃላፊነት የእርሳቸው ብቻ እንዲሆን፣ ሌላ ማንም ጠብታ እንዳይጨምር ጽፌ አስፈረምሁ። ጥገና ክፍል ሰድር በሚበሳበት ድሪል የማሰሮዎቹን ሥር በሳ። ከግንባታ የተረፈ ቀይ አሽ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አድቅቀን ከአፈር ጋር እኩል ቀላቀልንና ሥሮቻቸው ያልበሰበሱትን ተክሎች ጠዋት ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አዛወርን። ጤነኛ ሆነው የረገፉትን ቅጠሎች ቁስላቸው እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ላይ አቆይተን በደረቅ አፈር ላይ አስተኛናቸው፤ ከጊዜ በኋላ አንዳንዶቹ ሥርና ቡቃያ አወጡ። እትዬ የሚያጠጡት የእንጨት ስንጥር እስከ ሥር ሰክተው ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ሲያጠጡም ከሥር እስኪፈስ ያጠጣሉ።

እስካሁን ያልተፈታው የሥራ አስኪያጁ ክፍል ነው። መጋረጃው ዘወትር የተዘጋ በመሆኑ በዚያ ያለው ኤቼቬሪያ ብርሃን ፍለጋ አንገቱ ተመዝዟል፤ ቅጠሎቹም ተራርቀዋል። የተመዘዘ ግንድ ተመልሶ አያጥርም፤ አናቱ ተቆርጦ እንደገና መተከል አለበት። ሥራ አስኪያጁ ግን ለእንግዶቻቸው ሁሉ «የእኔ ብቻ ነው ያደገው» እያሉ ያሳያሉ። እትዬ ይህን መንገር የእኔ ድርሻ ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በቅጹ ላይ የፈረሙት እርሳቸው መሆናቸውን አስታውሳቸዋለሁ።