የፍተሻው ውጤት ለሁሉም ተነበበ

ፒያሳ ባለ አንድ ምግብ ቤት የኩሽና ኃላፊ ነኝ። ዓርብ ቀን፣ የበየዓይነቱ ትዕዛዝ በሚጎርፍበት የምሳ ሰዓት፣ ሁለት የጤና ተቆጣጣሪዎች ከተፍ አሉ። ፍሪጁን ከፈቱ፣ መክተፊያውን ገለበጡ፣ የሠራተኞችን የጤና ምርመራ ወረቀት አዩ። ውጤቱ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ካላስተካከልን ቤቱ ይታሸጋል ማለት ነው።

የከበዱት ጥፋቶች ሁለት ነበሩ። የኩሽናው እጅ መታጠቢያ ውሃም ሳሙናም የለውም። ምድጃው ጥግ ደግሞ ውጭ ያደረ የምስር ወጥ ከነድስቱ ተገኝቷል።

ባለቤቱ ጋሼ ወረቀቱን አንብበው “ይሄ የምቀኛ ሥራ ነው፤ ጠቁመውብን ነው” አሉ። መሳቢያ ውስጥ ሊከቱት ሲሉ “ጋሼ፣ ይሄን ሁሉም ሠራተኛ ይስማው” አልኳቸው። ቅር እያላቸው እሺ አሉ። በብዙ ቤት ውጤቱ ባለቤቱ ጋ ይቀራል። ወጡን የሚሠራው፣ ዕቃውን የሚያጥበው ሰው ምን እንደተጻፈ አያውቅም። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ጮክ ብዬ አነበብኩት። እጅ መታጠቢያው ላይ ስደርስ ዕቃ አጣቢያችን “ሼፍ፣ እሱ እኮ ከሮቶው ጋር አልተያያዘም” አለች። ለካ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ከሮቶ ሲመጣ የእጅ መታጠቢያው በቀጥታ ከመንገድ መስመር ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ፈረቃችን ባልሆነ ቀን ያኛው ይሠራል፣ ይሄኛው ይደርቃል። ውሃ ከሌለ ሳሙናውን ማን ያስቀምጣል? ከእኔ በፊት ለነበረው ኃላፊ ነግራው ነበር፤ “እሺ” ብሏት ቀረ። ጋሼ “ልጄ፣ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?” ሲሏት “ማን ጠይቆኝ፣ ጋሼ?” አለች። ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ በአንድ ረፋድ ቀጠለው።

ወጡ ግን አከራከረን። እትዬ የምንላቸው አንጋፋዋ ወጥ ሠሪያችን “አዲስ አበባ ደጋ ነው፣ ሌሊት ይበርዳል። ጠዋት ደግሞ እናፈላዋለን። ምን ይሆናል?” አሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ስለዚህ ማታ ትልቁን ድስት የፈላ ውሃ ሞልተን፣ ከድነን ተውነው። ጠዋት እትዬ እጃቸውን ሲከቱ ውሃው ገና ለብ ያለ ነው። ባክቴሪያ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ ለብ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይመቸዋል። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ የሚመከረው ለዚህ ነው። ማፍላት ባክቴሪያውን ቢገድልም፣ አንዳንዱ ባክቴሪያ ትቶት የሚሄደው መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

እትዬ ይህን ሰምተው “ድስቱ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ የት ላድርገው ታዲያ?” አሉ። ልክ ናቸው። ሰው ቦታ ሳይሰጡት አጠፋህ ማለት ግፍ ነው። አሁን የተረፈውን ወጥ ጎድጓዳ ባልሆኑ ሰፋፊ ዕቃዎች እንከፋፍለዋለን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጠን እናማስለዋለን፣ ሲበርድ ቶሎ ፍሪጅ ይገባል። ይህን መላ ያመጡት ራሳቸው እትዬ ናቸው።

ተቆጣጣሪዎቹ ሲመለሱ ሁለቱንም አለፍን። አዲስ የጻፉት የጓሮ በሩ ክፍት መዋሉንና ዝንብ መግባቱን ነው። እሱንም አነበብነው። ሽንኩርት የሚልጠው ልጅ ሁለት እጁ በቆሻሻ ቅርጫት ስለሚያዝ በሩን መዝጋት እንደማይችል ተናገረ። በሩ ራሱ እንዲዘጋ ሞላ ተገጠመለት።