አንኮበርን በካርታ ላይ ሳስቀምጥ

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3» በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ሀብትም ጦርም የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። አንድ አሳሽ ከጥቂት ሰፋሪዎች ጋር ባለቤት የሌለው በሚመስል ምድር ላይ ይገኛል። ሰፋሪዎቹ አውሬ ያድናሉ፣ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ወርቅ ይቆፍራሉ። ተጫዋቹ ልምድ ባካበተ ቁጥር ከለንደን፣ ከሊዝበን ወይም ከአምስተርዳም ጭነት የማስመጣት መብት ያገኛል፤ ካርዱን ይጫናል፣ ሰዓቱ ትንሽ ይቆጥራል፣ ከዚያ መድፉ ወይም ወታደሩ ወይም የእህሉ ሣጥን ደጃፉ ላይ ይደርሳል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ተጫዋቹ የሚመርጣቸው መንግሥታት ስምንት ነበሩ፦ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ሆላንድ፣ ጀርመን፣ ሩሲያና ኦቶማን። ስምንቱም መጪዎች ናቸው። አገሬው ካርታው ላይ አለ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚወስንለት ተጫዋች ግን አልነበረውም።

ይህን ጨዋታ ከልቤ እወደዋለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ከመሸ በኋላ ከቤት አያስወጣም፤ ከሥራ ተመልሼ እራቴን በልቼ ጋቢዬን ለብሼ ላፕቶፑ ፊት ስቀመጥ የቀኑ ድካም ይለቀኛል። ጨዋታው ተራ አይጠብቅም። እኔ ሳስብ ጠላቴም ይሠራል፤ እንጨት ቆራጩን፣ ጠባቂውን፣ የተላከውን ጭነትና የድንበሩን ወሬ በአንድ ጊዜ መያዝ ግድ ይላል። መጀመሪያ ላይ ካርታው ጥቁር ነው፣ የራስ ሰው ያልረገጠው ቦታ አይታይም። ሰውየው ደርሶ ከተመለሰ ደግሞ መሬቱ ደብዝዞ ይቀራል፤ ወንዙና ኮረብታው ይታያል፣ በላዩ ላይ ማን እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ጣርማ በርን በክረምት በመኪና ያቋረጠ ሰው ይህ ስሜት አዲስ አይሆንበትም፤ መንገዱን ያውቀዋል፣ ከጉሙ ውስጥ የሚመጣበትን አያውቀውም።

ብዙውን ጊዜ የምጫወተው በእንግሊዝ ነበር። የእንግሊዝ ቤት በተሠራ ቁጥር አንድ ሰፋሪ በነጻ አብሮ ስለሚወጣ ኢኮኖሚው ቶሎ ያብጣል። እየቆየ የከበደኝ የአገሬው መንደር ነው። በመንደሩ ላይ የንግድ ጣቢያ የሠራ ሰው የመንደሩ አጋር ይሆናል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ተዋጊዎቹን ለእሱ ይሰጣል። ሌላው መጥቶ ጣቢያውን አፍርሶ የራሱን ቢሠራ ደግሞ ተዋጊዎቹ ለአዲሱ ጌታ ይሰለፋሉ። በመንደሩ ውስጥ «ቆይ፣ ማን ነህ? ምን ይዘህ መጣህ? ማን ፈቀደልህ?» የሚል ሰው የለም። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ንጉሥ ከነበረበት አገር ነኝ።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዛሬ በንጉሡ ግቢ ኮረብታ ላይ ከአሮጌው ሕንጻ የቀረው የግንብ ቁራጭ ብቻ ነው። እዚያ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ግን ቤተ መንግሥቱ ለምን እዚያ እንደተሠራ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ምድሩ ከእግር ሥር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከታች የገበያ ከተማዋ አልዩ አምባ አለች፣ ከእሷ ማዶ የአዋሽና የአፋር ሜዳ ይዘረጋል። ጨው፣ ጨርቅ፣ ጠመንጃ፣ ፈረንጅም ቢሆን ከታጁራ ወደብ ወይም ከሐረር ሲመጣ በዚያ በኩል ነበር የሚያልፈው። ከላይ ያለው ሰው ከታች የሚመጣውን ያያል፤ ከታች ያለው የሚያየው ገደሉን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ከቦምቤይ ተነሣ። ታጁራ ወረደ፣ በግመል የዳናኪልን በረሃ አቋረጠ፣ አልዩ አምባ ደረሰ፤ እዚያም እንዲቆም ተደረገ። የዚያን ዘመን ትልቁ የባሕር ኃይል መልእክተኛ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ከተራራው ግርጌ ጠበቀ። በኋላ ሲፈቀድለት 300 ጠመንጃ ከነሳንጃው ከሌላው ስጦታ ጋር በንጉሡ ፊት ዘረጋ፣ ያመጣቸውንም መድፎች ተኩሶ አሳየ። በዚያው ዓመት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሣህለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ከሮሼ ዴሪኩር ጋርም ተዋዋሉ። ይህ የሁለት ተቀናቃኞችን ካርድ ተቀብሎ ለማንም ሳያድሩ መኖር ነው፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ጊዜ ሞክሬ የሚያቅተኝ ዘዴ። ጨዋታው «የውል» የሚባል ዓይነት አለው፤ ተጫዋቾች በመጀመሪያዎቹ 20 ወይም 40 ደቂቃዎች ላለመዋጋት ይስማማሉ፣ ሁሉም በሰላም ይገነባል፣ ሰዓቱ ሲያበቃ ጦርነቱ ይጀመራል። ያን ዓይነት ጨዋታ ስጫወት ትዝ የሚለኝ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የውሉ ጊዜ እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የንግድ ጣቢያውም ቢሆን ከእኛው አጠገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ከአንኮበር ወጣ ብሎ ሌት ማረፊያ በሚባለው ስፍራ መሬት ሰጡ። የማኅበሩ ጉዞ መሪ ማርኪዝ አንቲኖሪ ወፍና ነፍሳት እየሰበሰበ እዚያ ኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ከእሱ በኋላ ጎልቶ የወጣው ፒየትሮ አንቶኔሊ የሚሰበስበው ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ምኒልክ ከአንቶኔሊ ጋር በምሥጢር ሲዋዋሉ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ተመደበላቸው፤ ጣሊያን በአጤ ዮሐንስ ላይ በምታደርገው ጠብ ገለልተኛ እንዲሆኑ ነበር ዋጋው። ቀጥሎ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል መጣ፣ በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ደግሞ ዓድዋ። መጀመሪያ አሳሽ፣ ከዚያ ጣቢያ፣ ከዚያ ውል፣ ከዚያ ጦር፤ የጨዋታው ቅደም ተከተል በአንድ አውራጃ ውስጥ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ተፈጽሟል። መጨረሻው ብቻ ተለየ። የተለየውም ተራራው ላይ የተቀመጠው ሰው ጣቢያውን ሲፈቅድ ጀምሮ የራሱን ስሌት ይዞ ስለነበር ነው። ጠመንጃውን የገዛው ከሚዋጋው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያና ሐውሳ ወደ ጨዋታው መጨመራቸውን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልፈልግም። የጠበቅሁት ልብስና ቀለም ብቻ ነበር፤ ያገኘሁት ከዚያ የበለጠ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት ከእህል፣ ከእንጨትና ከወርቅ ሌላ አራተኛ ሀብት ተሰጥቷቸዋል፤ ተጽዕኖ ይባላል፣ ከአጋሮች ዘንድ ተዋጊና እውቀት ይገዛበታል። ከአንዱ ዘመን ወደ ቀጣዩ የሚሻገሩትም አጋር በመምረጥ ነው፤ ለኢትዮጵያ ከቀረቡት መካከል ፖርቱጋሎች፣ ሶማሌዎች፣ ኦሮሞዎችና ሕንዶች አሉ። ከብት ይረባል፣ ለገበያ ይወጣል። ይህን ያሰበ ሰው የእኛን ነገሥታት ሥራ አጥንቷል፤ ከባሕር የራቀ መንግሥት የሚኖረው በዝምድናና በድርድር መሆኑ ገብቶታል። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለዚህ ነገር አመሰግናቸዋለሁ።

ሴባስቶፖል ላይ ግን አልስማማም። የቴዎድሮስ መድፍ በጨዋታው ውስጥ የኢትዮጵያ ከባድ መሣሪያ ነው፤ ሀብቱ ከሞላ ይታዘዛል፣ ጥቂት ቆይቶ ይወጣል፣ በራሱ ጎማ እየተንከባለለ ይሄዳል። እውነተኛው ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ ባለሙያዎች አቅልጠው ያፈሰሱት፣ ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ ነበር። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። መንገድ አልነበረም፤ ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ በሰው ትከሻና በጠፍር ነው የተጎተተው፣ ንጉሡ ራሳቸው ከመንገድ ሠራተኛው ጋር እየለፉ። እኔ ጨዋታውን ብሠራው ኖሮ ይህ መድፍ ሲንቀሳቀስ ከፊቱ መንገድ የሚጠርጉ ሰዎች ካልተመደቡለት ንቅንቅ አይልም ነበር። ጊዜው ይረዝማል፣ ተጫዋቹ ይቆጣል። ይቆጣ! የዚያ ድካም ትንሿ ክፋይ እንኳ በጣቱ ላይ መድረስ አለባት።

አባባ ከአንኮበር በኩል ሊጠይቁን ሲመጡ አንድ ምሽት አጠገቤ ተቀምጠው ሲመለከቱ አመሹ። በወጣትነታቸው በቅሎ ጭነው ቆላና ደጋ የወጡ የወረዱ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ከውጊያው ይልቅ ወደ ኋላ ያለውን ይፈልጋል። ሠራዊቴ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሲያዩ፣

«ስንቃቸውን የያዘው የታለ?» አሉኝ።

«ስንቅ የላቸውም አባባ። አንዴ ከተመለመሉ በኋላ አይበሉም።»

«አይበሉም?» ዝም ብለው ቆዩ። «እንግዲያ ምን ያስቸኩልሃል? ተቀምጠህ ጠብቀው፣ ይምጣልህ።»

ልክ ናቸው። በጨዋታው ውስጥ 200 ነፍስ ከሞላ በኋላ ጦሩ ዓመት ቢቀመጥም አንድ ቁና እህል አይጎድልም። ዓድዋን ያስቸኮለው ግን ሆድ ነበር። የምኒልክ ሰፈር ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ የአካባቢውን እህል ጨርሶ ለመመለስ ቀናት ሲቀሩት፣ የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲየሪም ስንቅ እያለቀበት ነበር፤ ከሮም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይወጋው ነበር። ሁለቱ ሠራዊቶች ማን ቀድሞ ይራባል እያሉ ተያይተዋል። ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ምን ይሆን ነበር? ይህ ጥያቄ በሠለጠነው ጨዋታ ውስጥ ጨርሶ ሊነሣ አይችልም፤ በሶ ያሠነቀች፣ ድርቆሽ ያደረቀች፣ ገንቦ አዝላ ከጦሩ ኋላ ተራራ ያቋረጠች ሴት በዚያ ውስጥ ቦታ የላትም። እሷ ከሌለች እኔ የማውቀው ዘመቻ ግማሹ የለም።

ስለዚህ አሁን የራሴን ካርታ እየሠራሁ ነው። ጨዋታው የካርታ መሥሪያ አለው፤ ምድሩን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ወንዝ ማፍሰስ፣ ይህ ሲሆን ያ ይሁን ብሎ ማዘዝ ይቻላል። በምሥራቅ ጫፍ ታጁራን አድርጌ፣ ከእሷ ቀጥሎ የአሳልን የጨው ሐይቅ፣ ከዚያ ዛፍ የሌለበትን ረጅም በረሃ፣ ከዚያ አዋሽን፣ በምዕራብ ጫፍ ደግሞ ገደሉንና አንኮበርን አስቀምጫለሁ። ገደሉ ብዙ አድክሞኛል፤ መሥሪያው የሚፈቅደው ከፍታ የእኛን አምባ አይመጥንም፣ ቢሆንም በአንዲት ጠባብ መውጫ ብቻ እንዲወጣ አድርጌ ዳር ዳሩን ዘግቼዋለሁ። በረሃውን የሚያቋርጥ ሲራራ ነጋዴ በተጓዘ ቁጥር ከእህሉ ይቀነስበታል፤ የአባባ ጥያቄ በዚህ መልስ አግኝቷል። ወደ አልዩ አምባ ሲደርስ ደግሞ ይቆማል።

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው፤ በሆላንድ መጫወት ይወዳል፣ ባንኮቹን በየጥጉ ይደረድራል። ካርታውን ሲሞክር አልዩ አምባ ላይ ሲቆምበት ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጋሼ፣ ዝም ብዬ መቀመጥ ነው? ማነው የሚያስቆመኝ? ጠላት እኮ አይታይም።»

ነገሩ ትክክል ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያስቆመው ሰው መሰላቸት እንጂ ሌላ አይሰማውም። ሰዓት ቆጣሪ ንጉሥ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ፈቃዱን ከማሽኑ ወስጄ ለሁለተኛ ተጫዋች ሰጠሁት። አንኮበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ከታች የቆመውን ሲራራ ያያል፣ ስንቁ ስንት እንደቀረው ያያል፣ ይዞት የመጣውን ግን እስኪያሳልፈው ድረስ አያይም። ቶሎ ቢያሳልፍ በርካሽ ይሸጣል፤ ብዙ ቢያቆይ እንግዳው ተመልሶ ጠመንጃውን ለጎረቤቱ ሊያቀርብ ይችላል። ቅዳሜ ማታ ልንሞክረው ተስማምተናል፤ እኔ ከታጁራ እነሣለሁ፣ እሱ አንኮበርን ይይዛል። ሆላንዱን ረስቶ ካርታው ላይ ጎንበስ አለና፣

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ስንት ጠመንጃ ይዘህ እንደምትመጣ ንገረኝ» አለኝ።

አልነገርሁትም።