ቴርሞስታቷ የተነቀለባት ያሪስ

ሹፌሩ ጋራዡ ሲደርስ አዲስ የኦክስጅን ሴንሰር (የጭሱን ጋዝ እያነበበ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ለኮምፒውተሩ የሚነግር መሣሪያ) ከነማሸጊያው በእጁ ይዞ ነበር። መኪናዋ የ2008 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ ናት፤ 1.3 ሊትር ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ቀኑን ሙሉ ከመገናኛ ቦሌ፣ ከቦሌ ሳሪስ ተሳፋሪ የምታመላልስ። «ቤንዚን እየጠጣች አስቸገረችኝ። ድሮ ሁለት ቀን የምሠራበት ብር አሁን አንድ ቀንም አያውለኝም» አለ። ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ቀይሯል፤ ለውጥ የለም። ጓደኞቹ «ሴንሰሯ ነው» ብለው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ልከውታል።

ዋናው መካኒክ ማሸጊያውን እንዳይከፍት ነገረውና «ወንድሜ፣ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» ብሎ ጠየቀው። አያውቅም። አብዛኛው ሹፌር ፍጆታን የሚቆጥረው በብር ነው፤ የነዳጅ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ደግሞ የብር ሂሳብ ይፋለሳል። የዳሽቦርዱ መርፌም አያስተማምንም፤ ከላይኛው ግማሽና ከታችኛው ግማሽ የሚወርደው ሊትር እኩል አይደለም። የሚያስተማምነው ሙሉ ለሙሉ መቅዳት ነው። የመቅጃው ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሲያቆም እዚያው ላይ ይቆማል፤ ቀጂው ጨምቆ እንዳይጨምር። የጉዞ መቁጠሪያው ዜሮ ይደረጋል፣ መኪናዋ የወትሮ ሥራዋን ትሠራለች፣ ታንኩ ከግማሽ በታች ሲወርድ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ በዚያው መንገድ ይሞላል። የተሄደው ኪሎ ሜትር ለተቀዳው ሊትር ሲካፈል እውነተኛው ቁጥር ይወጣል። ሹፌሩ በተባለው መሠረት 318 ኪሎ ሜትር ሄዶ 37.9 ሊትር ቀዳ፤ በሊትር 8.4 ማለት ነው። እንዲህ ያለች መኪና በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ 11 እና 12 ልትሄድ ይገባታል። ስለዚህ ስሞታው እውነት ነው፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ግን ገና አልታወቀም።

መጀመሪያ ቀላሉ ታየ። የጎማዎቹ የአየር ግፊት 24 ፒኤስአይ ነበር፤ በሹፌሩ በር በኩል ያለው ተለጣፊ የሚለው 32 ነው። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ሦስቱ ጎማዎች በእጅ ሲገፉ በነፃነት ዞሩ፤ የኋላ ቀኙ ግን ይይዛል። የእጅ ፍሬን ገመዱ ዝጎ ወደ ቦታው ስለማይመለስ ሸራው ከበሮውን እየታከከ ነበር። ሁለቱም ነዳጅ ይበላሉ፤ ሁለቱም እዚያው ተስተካከሉ።

ከዚያ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ተሰካ። ኦክስጅን ሴንሰሩ በደንብ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥርም ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ድብልቁን ቢያወፍረው (ቤንዚን ቢያበዛበት) ኖሮ እዚህ ላይ መታየት ነበረበት። ዓይን የሳበው የሞተር ውኃ ሙቀት ነው። መጨናነቅ ውስጥ 74 ዲግሪ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ንፋስ ሲያገኝ 61። የዚህ ሞተር ጤናማ ሙቀት ከ80 በላይ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ምንም መብራት አልበራም።

ራዲያተሩ በረድ ሲል ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ፣ የሚቀመጥበት ቤት ተፈታ፤ ባዶ ነው። ሹፌሩ ያኔ አስታወሰ፦ መኪናዋ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ውኃ አፍልታ ነበርና ሌላ ጋራዥ «አገራችን ሞቃት ነው፣ ይኼ አያስፈልግም» ብሎ ነቅሎ ጥሎታል። ይህ ልማድ ብዙ መኪና ላይ አለ፤ ጉዳቱም ትልቅ ነው። ቴርሞስታት ከሌለ ውኃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ውስጥ ስለሚዞር ሞተሩ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። እስኪሞቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ጨምሮ ይረጫል፣ ሚኒሞውንም (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ ያደርጋል። ከሞቀ በኋላ ሴንሰሩ ድብልቁን ቢያስተካክል እንኳ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ ራሱን ለማዞር ብዙ ጉልበት ያወጣል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ሞተሩ ካልሞቀ የመጨረሻውን ማርሽና የኮንቨርተሩን (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) መቆለፍ ይከለክላል። ሙቀቱ ሳይደርስ የሚሠራ ሞተር ዘይቱን በቤንዚን ያቀጥነዋል፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ (ዲፕስቲኩ) ሲሸተት ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

አዲስ ቴርሞስታት መጣ። ረዳቱ ልጅ ከመግጠሙ በፊት በድስት ውኃ ቀቅሎ ሲፈትነው «ጋሼ፣ ይኼም የተበላሸ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አይከፍትም» አለ። ዋናው መካኒክ ቴርሞሜትሩን ውኃው ውስጥ ከተተና ልጁን ጠርቶ አሳየው። ውኃው እየተንተከተከ ቁጥሩ 92 ላይ ቆሟል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ባለው ነው፤ ሙሉ ክፍቱ የሚለካው ግን 95 ላይ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ድስት ውስጥ የሚፈተነው መከፈት መጀመሩ ብቻ ነው። በ82 መላወስ ጀምሯል፤ ደህና ነው። በዚህ ስህተት ስንት ደህና ቴርሞስታት እንደተጣለ ማሰብ ያሳዝናል። ሲገጠም ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ መሆን አለባት፤ አለበለዚያ አየር ይታፈናል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም መኪናዋ እንጦጦ ላይ መልሳ ታፈላ ነበር። ያን ጊዜ ያፈላችበት ምክንያት አልታከመምና። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ክዳኑ 1.1 ባር ግፊት ካልያዘ ውኃው ከድስቱ ብዙም በማይበልጥ ሙቀት ይፈላል፤ ከያዘ ግን ከ110 ዲግሪ በላይም ይታገሣል። ክዳኑ ተቀየረ፣ የቧንቧ ውኃው ወጥቶ ዝገቱ ታጠበ፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ ተሞላ፣ የቀጠነው ዘይትም ተለወጠ።

ሹፌሩ እዚያው ማደያ በዚያው መንገድ ደግሞ ቀዳ፦ 362 ኪሎ ሜትር፣ 31.2 ሊትር፤ በሊትር 11.6። እንጦጦ ሲወጣም ስካነሩ ላይ ሙቀቱ ከ94 አላለፈም። ሴንሰሩን ማሸጊያው ስላልተከፈተ ሱቁ መልሶ ወሰደለት።

መኪናው ቴርሞስታት እንዳለው ያለ ስካነርም ማወቅ ይቻላል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሳ፣ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው የላይኛው ቱቦ ከቬንትሌተሩ በጥንቃቄ ርቆ በእጅ ይዳሰሳል። ቴርሞስታት ካለ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይግላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ለብ እያለ ከሄደ ግን ወይ ተነቅሏል፣ ወይ ክፍት እንደሆነ ደርቋል።