የጃክ ቤት፦ ሊኖ ላይ እስካሁን የደረስኩበት

ሊኖ (ተቀርጾ ቀለም ተቀብቶ የሚታተምበት ለስላሳ ንጣፍ) መቅረጽ ከጀመርኩ ወዲህ የድሮ የእንግሊዝ የፌዝ ህትመቶችን ኮፒ ማድረግ ሱስ ሆኖብኛል። ሰሞኑን ደግሞ ዊልያም ሆን ጽፎት ጆርጅ ክሩክሻንክ በሳለው «ጃክ የሰራው የፖለቲካ ቤት» የሚል የ1819 ቡክሌት ላይ ተተክያለሁ። በዛ ዓመት ማንችስተር ላይ ፈረሰኛ ወታደር የፓርላማ ለውጥ የጠየቀ ህዝብ ላይ ጋልቦ ሰው ገደለ፣ መንግስት ደግሞ ጭራሽ ጋዜጣና ፓምፍሌት የሚያፍን ህግ አወጣ።

ሆን ምን አደረገ፣ ማንኛውም የእንግሊዝ ህፃን በቃሉ የሚያውቀውን የጃክ ቤት የሚለውን ግጥም ወሰደ። ግጥሙ እየተቀጣጠለ የሚሄድ ነው፣ ጃክ የሰራው ቤት፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ብቅል፣ ብቅሉን የበላው አይጥ፣ አይጡን የገደለችው ድመት እያለ። ሆን ጋ ብቅሉ የአገር ሀብት ሆነ፣ አይጡ ሀብቱን የሚዘርፉት፣ እና ግጥሙን የሚያውቅ ሰው አሁን ድመቷ መጣች ብሎ ገጹን ሲገልጥ የሚያገኘው ማተሚያ ማሽን ነው!! ማሽኑ ድመቷ መሆኗን ማንም አልጻፈውም እኮ፣ ጆሮው ራሱ ይጨርሰዋል።

ስራው ላይ ስመጣ፣ የነጊልሬይ (ከክሩክሻንክ በፊት የነበረ የእንግሊዝ ካርቱን ሰዓሊ) ካርቱን መዳብ ላይ ነው፣ ቀለም የሚይዘው የተቆፈረው መስመር ስለሆነ ለብቻው በሌላ ፕሬስ ይታተማል። ይሄኛው ግን እንጨት ነው፣ እንደ ሊኖ ከፍ ብሎ የቀረው ነው ቀለም የሚይዘው፣ የማተሚያው የብረት ፊደልም እንደዛው ስለሆነ ስዕሉና ግጥሙ አብረው ታስረው ባንዴ ይወጣሉ፣ ዋጋውም 1 ሺሊንግ ብቻ።

አሁን ከቡክሌቱ እየቀረጽኩ ያለሁት «የስልሳ ዓመቱ ዘናጭ» የተባለውን ነው፣ አልጋ ወራሹ ጆርጅ (ያኔ ገና 57 ነበር፣ ጨመሩለት)። ቦርጩን ያስቸገረኝ ጥላው ነው፣ መስመሮቹ ከሆዱ ጋር አብረው መጠምዘዝ አለባቸው፣ ወደ ብርሃኑ ሲጠጉ ደግሞ መቅጠን፣ በቀጭኑ ቪ መቅረጫ ቀስ እያልኩ ነጩን እያነሳሁ ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ሰውየው ይከሳል፣ ቀልዱም አብሮ ይከሳል።

በነገራችን ላይ ሰውየው ከነገሰ በኋላ በ1820 ክሩክሻንክ ንጉሱን በብልግና ሁኔታ እንዳይስል 100 ፓውንድ ተከፍሎት ፈርሟል፣ ብሩን ተቀብሎ እዛው ዓመት ከሆን ጋር የንጉሱን የትዳር ጉድ እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ሳለው 😂

ቀጥሎ ማተሚያ ማሽኑን ነው የምሰራው፣ ስስ ወረቀት ላይ በማንኪያ ጀርባ እየፈተጋችሁ የምታትሙ ካላችሁ የቀለሙን መጠን ንገሩኝ።