ሰነቲ ላይ አትመለሱ፣ ሀረና ግቡ

ባሌ ደርሼ መጣሁ የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ሀረና ጫካ ገብቶ እንደሆነ ነው። አብዛኛው አልገባም። ሰነቲ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ያያል፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ጎባ ይመለሳል። እኔም የመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲሁ ነበር። የወሰደን አስጎብኚ ድርጅት ፕሮግራሙ ላይ «ሀረና ጫካ» ብሎ የጻፈው፣ መኪናችን አፋፉ ላይ ቆማ ጭጋጉን ከላይ ሆነን ያየንባትን ግማሽ ሰዓት ነበር። በጣም ነው የተናደድኩት።

ዘንድሮ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተመልሼ ሄድኩ። የአካባቢውን ተወላጅ አስጎብኚ ይዘን ሁለት ሌሊት ጫካው ውስጥ አደርን።

የዝናብ ደን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኮንጎና አማዞን ነው። የኛው ግን ከሰነቲ ቁልቁል ነው ያለው። 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ጃኬት ደራርበን ስንንቀጠቀጥ ነበር። መንገዱ ወደ ደሎ መና መውረድ ሲጀምር በመጀመሪያ አስታ የሚባለው ዛፍ መጣ፣ ግንዱ ሁሉ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት። ቀጥሎ ኮሶው። ሪራ መንደር አካባቢ ስንደርስ ደግሞ ግራ ቀኙ ቀርከሃ ሆነ። ጃኬቱ ወለቀ፣ የመኪናው መስኮት ተከፈተ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ገባ። በአንድ ቀን፣ ያውም በአንድ መንገድ እንዲህ የሚለዋወጥ አገር ሌላ ቦታ አላየሁም።

አስጎብኚያችን በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው፣ «ጋሼ» ነበር የምንለው። እዚያው ሪራ አካባቢ ነው ያደገው። ቀርከሃው ውስጥ እንደገባን ስልኬን አውጥቼ ወደ ላይ ማንጋጠጥ ጀመርኩ። «በዓይናችሁ አትፈልጉ» አለን። «ዝም በሉና ስሙ።» ቆምን። ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ቀጭን ነገር ሲሰበር ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። «ያ ነው፣ እየበላ ነው» አለ፣ ጣቱን እንኳ ሳያነሳ።

የባሌ ጦጣ ነበር። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ እዚህም ቢሆን ያለው በባሌና በሲዳማ በኩል ብቻ ነው። ጀርባው ጠቆር ያለ ቡኒ፣ አገጩ ላይ አጭር ነጭ ጺም አለው። መንገድ ዳር ሙዝ እንደምንሰጠው ዓይነት ጦጣ አይደለም፣ ዓይን አፋር ነው። እጁን ሳየው ነበር የቆየሁት። ቅርንጫፏን ወደ ራሱ ይስባል፣ የደረቀውን ቅጠል ይተወዋል፣ ገና ያልተፈታችውን ለጋ ከመሃል መዝዞ ያወጣትና ወደ አፉ ይከታታል። እንደገና ሌላ። ምግቡ በአብዛኛው ይቺው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ናት።

ቀርከሃው ደግሞ የሰዉም ነው። የሪራ ሰው ቤቱንም አጥሩንም የንብ ቀፎውንም የሚሠራው ከቀርከሃ ነው። ጋሼ ይህን ሲያስረዳን ማንንም አልወቀሰም፣ እኔም መውቀስ አይቻለኝም። ግን ጦጣውም ሰውም ዓይናቸውን የጣሉት እዚያው ቀርከሃ ላይ ነው፣ ይህን ካየሁ በኋላ ሐሳቤ ከዚያ አልወጣም።

ቀፎዎቹን ማየት ያስፈራል። ቀና ስትሉ አናት ላይ፣ ሕንፃ በሚያህል ዛፍ ላይ እንደ ከበሮ ተጋድመዋል። ማር ቆራጩ በገመድ ነው የሚወጣው፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሌሊት። አንዱን ግንድ ጋሼ አሳየን፣ ገመድ ሲመላለስበት ኖሮ ልጡ እንደ ለፋ ቆዳ ለስልሷል።

ወደ ታች ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ፣ የዱር ቡናው መጣ። ማንም ያልተከለው ቡና፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር። ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ከነገሩን በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። ቡናው ብዙ እንዲይዝ ስሩ ይመነጠራል፣ ሲመነጠር የዛፎቹ ችግኝ አብሮ ይሄዳል። ከላይ ስታዩት ደን ነው። ከስር ግን ትልልቆቹን የሚተካ ለጋ ዛፍ የለም። ጫካው ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እኔም እንደ ሁሉም ሰው ተደስቼ ፖስት አድርጌ ነበር፣ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

አንበሳ አላየንም። ጥቁር ጎፈር ያለው የሀረና አንበሳ ዛሬም አለ፣ ግን ለጎብኚ ቶሎ አይታይም። የጫካ አሳማ ዱካ ጭቃው ላይ አየን፣ ገና ውሃ እንኳ አልሞላበትም ነበር። ያን ያህል ቅርብ ነበር ማለት ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ ይያዝ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ዝናቡ ብዙ ወራት አይተውም። ከሁሉም በላይ ግን የአካባቢ ሰው ይያዝ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ማደር ለምን እንዳልኩ የገባኝ በሁለተኛው ሌሊት ነው።

ገና ሳይነጋ ጋሼ ድንኳናችንን መታ መታ አደረገና «ተነሱ፣ ሊጀምሩ ነው» አለን። ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን ወጣን። ጨለማ ነው፣ ከቅጠሉ ውሃ ይንጠባጠባል። ድንገት ከአናታችን በላይ እንደ ትልቅ እንቁራሪት የሚያጉረመርም ከባድ ድምፅ ተነሳ። ጉሬዛ ነው። (ስሙ የኛ ነው፣ ሳይንሱም «ኮሎበስ ጉሬዛ» ብሎ ነው የመዘገበው።) ያ ሲጨርስ ከወንዙ ማዶ ሌላው መለሰ። ከዚያ ሌላ፣ ከሩቅ። ጋሼ በየድምፁ ጣቱን ያጥፋል። አምስት ቤተሰብ ቆጠረ፣ እያንዳንዱ የት ዛፍ ላይ እንዳደረ ነገረን።

ወገግ ሲል ቀና አልኩ። ጭጋጉ ውስጥ እንስሳው አይታይም፣ ረጅሙ ነጭ ጭራ ብቻ ተንጠልጥሏል።