መስታወቱን ገልብጬ ገጠምኩት

ነሐሴ 14

ፍልሰታ ነው፤ ሰርግ የለም። እኔ የሰርግ ፎቶ አንሺው ደግሞ ሥራ ሲጠፋ እጄ አያርፍም። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ የጋሼን የካሜራ ሌንስ ከቁም ሳጥን አወጣሁና ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። ከፊተኛው መስታወት ጀርባ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ፈንገስ! ክረምት በመጣ ቁጥር የምፈራው ነገር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሌንሱን የማስቀምጠው አብሮት በመጣው የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቦርሳውን ስከፍተው ዛሬም ጋሼን ጋሼን ይሸተኛል፤ ለዚያ ነው ያልጣልኩት። ቆዳ ግን እርጥበት ይይዛል። ፈንገስ ደግሞ ከጨለማና ከእርጥበት ሌላ ምን ይፈልጋል?

ጋሼ አጎቴ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሚንስክ ተምረው ሲመለሱ ዜኒት ኢ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። ቦዲው (ሌንሱ የሚገጠምበት የካሜራው አካል) ፊት ላይ የሞስኮ ኦሎምፒክ ምልክት አለ፤ የ1980 (እ.ኤ.አ.)፣ ምሩፅ ይፍጠር 5,000ውንም 10,000ውንም ሜትር ያሸነፈበት። ጋሼ ካሜራውን ለእንግዳ ሲያሳዩ ወሬው ከሌንስ ተነስቶ ምሩፅ ጋ ሳይደርስ አያልቅም ነበር።

ካሜራው ሚስማር ቢመቱበት የማይሰማው ብረት ነው። የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ግን አምስት ብቻ፦ የሰከንድ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250፣ 1/500። ከዚያ በታች ከፈለጉ በጣት ተጭኖ መያዝ ነው። ጋሼ ቤት ውስጥ በአምፖል ያነሷቸው ፎቶዎች ሁሉ የተንቀጠቀጡት ለዚህ ነው። እሳቸው ግን ሁልጊዜ የሚወቅሱት የተነሳውን ሰው ነበር፤ «ተንቀሳቅሰሽ ነው!» አናቱ ላይ ያለው ብርሃን መለኪያ ሴሌኒየም ነው፤ ባትሪ አይፈልግም። ዛሬ መርፌው ሞቷል። ስለዚህ ቦዲው መደርደሪያ ላይ ጡረታ ወጣ፤ ሌንሱ ግን እኔ ጋ ሥራ አላቆመም።

ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው። 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2 (የብርሃን ቀዳዳው ስፋት ነው)። የጀርመኑ ካርል ዛይስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከሠራው ቢዮታር የተቀዳ ነው። ሶቪየቶቹ በገፍ ስላመረቱት ዛሬም ብርቅ አይደለም።

በመጀመሪያ የገጠምኩት ያኔ በነበረችኝ ካኖን 600ዲ ላይ ነው። ቀጭን ቀለበት የምታክል አዳፕተር (ማገናኛ) ትበቃዋለች። ግን ቅር አለኝ። የ600ዲ ሰንሰር (በፊልም ፋንታ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ) ትንሽ ስለሆነ የሌንሱን መሀል ብቻ ነው የሚወስደው። 58ቱ እንደ 93 ሆኖ ጠበበብኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት የጀርባ ሽክርክሪትም የለም ማለት ይቻላል። ሽክርክሪቱ ያለው ዳር ላይ ነዋ! ከፎከስ ውጭ ያሉት የብርሃን ክቦች ወደ ዳር ሲሄዱ እየተቆረጡ እንደ ሎሚ ይሾላሉ፣ መሀሉንም ከበው የሚዞሩ ይመስላሉ። ትንሽ ሰንሰር ያንን ዳር ቆርጦ ይጥለዋል። ጓደኛዬ ደግሞ ተውሶኝ ኒኮኑ ላይ ሞከረው። የዜኒት ሌንስ ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ኒኮኑ ላይ ያለው ርቀት 46.5 ነው። የአንድ ሚሊሜትር ነገር! በዚያች አንድ ሚሊሜትር ምክንያት ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠው ሰው ይጠራል፤ እንጦጦ ግን በፍጹም።

ነገሩ የተስተካከለው ያገለገለ ሶኒ ኤ7 ማርክ 2 ስገዛ ነው። ውስጡ የሚነሳና የሚወድቅ መስታወት ስለሌለ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ሰንሰሩ 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የቀረውን ቦታ አጭር ቧንቧ የመሰለ አዳፕተር ይሞላዋል። ሰዎች «ለአሮጌ ሌንስ ምን ቦዲ ልግዛ?» ሲሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ሚረርለስ (ያ የሚነሳና የሚወድቅ መስታወት የሌለው)፣ ፉል ፍሬም (ሰንሰሩ የድሮውን ፊልም ያህል ትልቅ የሆነ)፣ ያረጀም ቢሆን። የአዲሶቹ ቦዲዎች ዋጋ ግማሹ ለፈጣን ኦቶፎከስ (ካሜራው ራሱ አነጣጥሮ ለሚያጠራበት) የሚከፈል ይመስለኛል፤ ይሄ ሌንስ ደግሞ ኦቶፎከስ የሚባል ነገር አያውቅም። የሰው ዓይን ላይ ራሱ ፎከስ የሚይዘውን 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሴን ለሰርግ አቆየዋለሁ። ቀለበት ሲደረግ «አንዴ ድገሙልኝ» አይባልም።

ሶኒው በበኩሉ ሌንስ እንደተገጠመለት አያውቅም። ሜኑ ውስጥ ገብቼ ሌንስ ሳይኖርም ሹተሩ እንዲለቅ ፈቅጄለታለሁ። የእጅ መንቀጥቀጡን እንዲያረግብልኝ ደግሞ ሚሊሜትሩን በእጄ እሞላለታለሁ። ያም ሆኖ ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሌንስ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ወደ ፈንገሱ ልመለስ። ለጠጋኝ መስጠት ነበረብኝ። ግን ዝናብ፣ ሥራ ፈትነት፣ አንድ ሁለት ቪዲዮ… ታውቁታላችሁ። ፊቱ ላይ ስሙ የተጻፈበትን ቀለበት በእቃ ማጠቢያ ሲንክ መድፈኛ ጎማ ተጭኜ አዞርኩት። ወጣ። ከሥሩ ሌላ ቀለበት አለ፤ ሁለት ጥርስ መያዣዎች አሉት። ለዚያ የሚሆን መፍቻ ስለሌለኝ የእህቴን ልጅ የሒሳብ ኮምፓስ ለመንኩት። ላብ አጠመቀኝ። ጫፉ ቢያመልጠኝ መስታወቱን እንደሚሞነጭረው አውቃለሁ። አላመለጠኝም። መስታወቱን በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አጽድቼ፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቄ፣ ቆሜ አደነቅሁት። ድሩ ጠፍቷል። መልሼ ገጠምኩ። ከጫማ ካርቶን የለቀምኳቸውን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በተንኩና ሌንሱን እዚያ አስተኛሁት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ትናንት ቡሄ ነበር። ካሜራዬን ይዤ ቀበና እቴቴ ጋ ሄድኩ፤ የጋሼ ባለቤት ናት። በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ሙልሙሉን በሰፌድ ይዛ ተቀምጣለች። ልጆቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ። ጥቂት በ85ቱ አነሳሁና ሄሊዮሱን ገጠምኩ። አንድ ነገር ትክክል አልመጣ አለኝ። ሶኒው የጠራውን ቦታ በቀይ ነጠብጣብ ያሳየኛል፤ ነጠብጣቡ መሀል ላይ ብቻ ትንሽ ብልጭ ይልና ይጠፋል። መነጽሬን ጠረግሁ። ቪውፋይንደሩን ጠረግሁ። በቃ ዓይኔ ደክሟል ብዬ ማንሳቴን ቀጠልኩ።

ማታ ትልቁ ስክሪን ላይ ስከፍተው ደነገጥኩ። መሀል ላይ እቴቴ አለች፣ ለስለስ ብላ። ከእሷ ውጭ ያለው ሁሉ ፈሷል። ልጆቹ በእጅ እንደተጎተተ እርጥብ ቀለም ሆነዋል። ዱላው ከማን እጅ እንደተነሳ አይታወቅም። የበሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ እሷን ከቦ ይዞራል። መጀመሪያ አዳፕተሩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ሰንሰሩን። በመጨረሻ ሌንሱን አምፖል ሥር ይዤ ከጎን አየሁት። የፊተኛው መስታወት ወደ ውጭ ያበጠ መሆን ነበረበት፤ እንደ ዓይን ብሌን። ዝርግ ብሎ ተኝቷል።

ገልብጬ ገጥሜዋለሁ።

ይህን ሆን ብለው የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ሄሊዮስ በዚህ ይታወቃል፤ ፊተኛው መስታወት ሲገለበጥ ዳሩ ሁሉ ይቀልጣል። እኔ ግን ከሩቡም በላይ የቡሄ ፎቶዬን ያበላሸሁት ሳላውቅ ነው።

ዛሬ ጠዋት እቴቴ ጋ ተመልሼ ሁለቱንም በታብሌት አሳየኋት። የ85ቱን ቀድሜ። ጥርት ያለ፤ የነጠላዋ ጥለት ክሩ ይቆጠራል።

«ይቺ መጨማደዴን አንድ ሳታስቀር መዘገበችው» አለች።

የተገለበጠውን አሳየኋት። ልተርክላት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ። ብዙ አየችው። ጋሼ ባነሷት ፎቶ ሁሉ ተንቀጥቅጣ የወጣች ሴት ናት።

«ተንቀሳቅሼ ነው?» አለችኝ።

«አልተንቀሳቀስሽም እቴቴ፤ የኔ ጥፋት ነው።»

«እሱም አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ ቢሆን» ብላ ሳቀች። «ይቺን አሳጥብልኝ።»

ቤት ገብቼ ኮምፓሱን እንደገና ተበደርኩ። መስታወቱን አዙሬ፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጌ መለስኩት። ለሙከራ የስኳር ዕቃውን ፎቶ አነሳሁት፤ የተጻፈበት ይነበባል። እቴቴ ደግሞ አሁን ደውላ ነበር፤ ባለ 30 በ40 ፍሬም ገዝታለች፣ ከጋሼ ፎቶ አጠገብ የሚሰቀል። ፋይሉ ያን ያህል ሲተልቅ ይችል እንደሆነ ነገ ማተሚያ ቤት እጠይቃለሁ።