ቅጠሉን ገልብጦ ማየት፦ ስለ ስፒናችና ስለ ቆስጣ ሕመም

በጎንደር ገበያ ቆስጣን «ስፒናች» ብሎ መሸጥ የተለመደ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ ተክል አይደሉም፤ ልዩነቱን አጥብቄ የያዝሁት በሽታቸውን ለመለየት ስለሚረዳ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ በዘነበበት ሰሞን፣ አዘዞ ባለው ጓሮዬ በስፒናቹ ቅጠሎች ላይ ዳርቻው በውል የማይለይ ቢጫ ምልክት አየሁ። የተባይ ሥራ መስሎኝ ፀረ ተባይ ገዝቼ ረጨሁ፤ በሳምንቱ ግን ቢጫው የመደቡን ግማሽ አዳርሶ አገኘሁት። በአትክልት ሥራ የኖሩ አንዲት ጎረቤቴ መጥተው ሲያዩት «ልጄ፣ እስኪ ቅጠሉን ገልብጠህ እየው» አሉኝ። ስገለብጠው ልክ ከቢጫው በታች ግራጫ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሻጋታ ተሸፍኖበት ነበር። ይህ ሻጋታ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲያገኝ የሚስፋፋ፣ ዘሩም በነፋስ የሚዛመት በመሆኑ የነፍሳት መድኃኒት ምንም አያደርገውም፤ የሚበጀው የታመመውን ነቅሎ ማራቅ፣ ተክሎቹን አራርቆ መትከልና ውኃውን በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ፣ በጧት ማጠጣት ነው። አጠገቡ የነበረው ቆስጣ አንድም ቅጠል አልተነካበትም፤ የስፒናቹን ሻጋታ የሚያመጣው ተሕዋስ ቆስጣን አያጠቃምና።

ቆስጣን የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር ሲመጣ መሐሉ አመድማ፣ ዙሪያው ቀይ ወይም ሐምራዊ የሆነ፣ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ክብ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ሲቆይ መሐሉ ደርቆ ይረግፍና ቅጠሉ ይበሳሳል። ቀዳዳውን አይቶ ትል በላው ማለት ቀላል ነው፤ የቀዳዳው ዙሪያ ቀለበት ካለው ግን በሽታ ነው። ፈንገሱ በወደቀ ቅጠል ላይ እስከ 2 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል በዚያው መደብ ላይ ቆስጣን ደግሞ መትከል አይገባም።

ሁለቱንም የሚያጠቃ አንድ ዝንብ አለ። እንቁላሏን ከቅጠሉ ሥር በነጫጭ ረድፍ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል ገብቶ ሥጋውን እየበላ ይሄዳል፤ የሄደበትም መንገድ መጀመሪያ ጠማማ መስመር፣ በኋላም ሰፊ የገረጣ ቦታ ሆኖ ይታያል። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ይዞ ላየ ሰው ትሉ ከነጥላው ይታያል። በውስጥ ስላለ ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት ብዙም አያገኘውም፤ ስለዚህ እንቁላሉን በጣት መደምሰስና የተበላውን ቅጠል ትሉ ወደ አፈር ወርዶ ወደ ዝንብ ሳይለወጥ ቀጥፎ ማስወገድ ይሻላል።

የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጠውን ደቃቅ ነፍሳት፣ ክሽክሽን ግን ማንም ያውቀዋል፦ የተጠቀለለ ቅጠል፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ የሚመላለስ ጉንዳን። የቫይረስ በሽታም ስለሚያስተላልፍ ቸል አይባልም፤ ጥቂት ሲሆን ኃይለኛ ውኃ ወይም የሳሙና ውኃ ይበቃዋል። ችግኙ በጧት ከአፈር ላይ ተቆርጦ ከተገኘ ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢጭሩት የተጠቀለለው ቆራጭ ትል ይገኛል፤ ሳይቆረጥ አንገቱ ቀጥኖና ሟሙቶ ከወደቀ ግን ውኃ በዝቶበት በስብሷል።

መርጨት ግድ ቢሆን በማሸጊያው ላይ የተጻፈው፣ ከርጭት እስከ መቀጠፍ ሊቆይ የሚገባው የቀን ብዛት መከበር አለበት። በሑዳዴ እኛ ቤት ቅጠሉ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ስለሚቀጠፍ ይህን መጠበቅ አይቻልም፤ በጓሮዬም መርጨቱን ፈጽሜ ትቻለሁ።